ቅዳሜ ጥርስዎን አያስነቅሉ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? የመተሐራ ሙቀት እንዴት አደረግዎ? የእግርዎ ማቃጠል ታገሠልዎት? የእማዬስ ጉልበት? እኔ ናፍቆታችሁ ባይበረታብኝ ደህና ነኝ። ተመርቄም የሥራ ምደባ እየጠበቅሁ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ በነጻ እሠራለሁ፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የሥራ ጥሪ እየመሰለኝ እበረግጋለሁ።

ትናንት የደወለው ግን ወንድሜ ይትባረክ ነበር። የቀሩዎትን አራት የፊት ጥርሶች ቅዳሜ ሊያስነቅሉ ቀጠሮ መያዝዎን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። በስልክ ብለምንዎት «እሺ ልጄ» ብለው እንደሚዘጉት ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቆቃ ዓሣ አጥማጅ መጣልን። ጥርሶቹ ከድዱ ሥር ተበልተዋል። ትንሿን መስታወት ሳስገባ ጉንጩ ላይ ተለጠፈች፤ እርጥበት የሚባል የለም። እኔ ለመንቀል ስጣደፍ የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ሱሃይላ ምን ኪኒን እንደሚወስድ ጠየቁት። ለካ እርስዎ ለእግርዎ ማታ ማታ የሚወስዱትን ኪኒን ኖሯል የሚወስደው! ምራቅ ይቀንሳል አሉን። ምራቅ ደግሞ ዝም ብሎ ውሃ አይደለም፤ የምግብ ትራፊ ያጥባል፣ አሲድ ያበርዳል፣ መጎዳት የጀመረ ጥርስ ያጠነክራል። እሱ ሲጠፋ ስኳር እንዳሻው ይሆናል።

ሠላሳ ዓመት በስኳር ፋብሪካው ቦይለር ፊት ቆሜ ምራቄን አነደድኩት ሲሉ እንስቅ ነበር። አፍዎ የደረቀው ግን ጡረታ ወጥተው ኪኒኑን ከጀመሩ በኋላ ነው። ማንም አልጠየቀዎትም፤ የጥርስ ሕክምና የተማርሁት እኔም አልጠየቅሁም። ይባስ ብዬ፣ አፍዎን ያርጥብልዎ ብዬ፣ በመጣሁ ቁጥር የሚንት ከረሜላ በኪሎ አመጣልዎ ነበር። እርስዎም ልጄ ያመጣችው መድኃኒት ነው እያሉ ከጉንጭዎ አይለዩትም። ይህን ሳስብ የምገባበት ይጠፋኛል።

እባክዎ ቅዳሜን ይለፉት። ኪኒኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ያዘዙልዎትን ሐኪም ግን አፌ ደረቀ ይበሏቸው። እሑድ በመጀመሪያው መኪና መጥቼ ወደ አዳማ ይዤዎት እመለሳለሁ። ዶክተር ሱሃይላ «ጥርሶቹን ሳላይ ይተርፋሉ አልልም፤ ሳይታዩም አይነቀሉ» ብለውኛል።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ይትባረክን ስለነገረኝ ያመስግኑልኝ። ትንሿ እህቴ ሰርክአዲስ ከከረሜላው እየሰረቀች መብላቷን እንደማውቅ ይንገሯት። ጎረቤታችንን ጋሽ ኡርጌሳን አካም ጅርቱ ይበሉልኝ።

ሹፌሩ ሰንበታ ከደብዳቤው ጋር አንድ ፌስታል ይሰጥዎታል። የውሃ ኮዳ፣ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው። ከረሜላ አይፈልጉበት።

ልጅዎ ሰብለወንጌል
አዳማ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.