ሁለት ሰው ብቻ የቀረባት ድሬ

ውድ ዕዝራ፣

ዛሬ ከዚራ ሰፈር፣ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ለተኙት ፍየሎች አማርኛ አወራሁ። ቀና ብለው አይተውኝ ተመልሰው ተኙ። ከአባቴ ጋር የማወራው ሶማሊኛ ነበር፣ ከጎረቤት ጋር ኦሮምኛ። አማርኛ ግን ያንተና የኔ ነበረች፤ የተዋደድነውም የተጣላነውም በሷ ነው። ስለዚህ የሚያነበው እንደሌለ እያወቅኩም በሷ እጽፍልሃለሁ።

በሽታው ሲገባ መጀመሪያ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተዘጋና እኔ ከስፌት ማሽኔ ተነስቼ ቤት ዋልኩ። ቀጥሎ ባቡሩ ቆመና አንተም ከጥገናው ቤት ተመለስክ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ፣ ሬዲዮው ዝም አለ፣ የታይዋን ገበያ ሱቆች እንደተከፈቱ ሻጭም ገዢም አጥተው ቀሩ። እኛን ለምን እንዳለፈን ዛሬም አላውቅም።

አባቴ ዐብዲናሲር፣ ክርስቲያን አግብተሽ ማዘጋጃ ቤት ፈርመሻል ብሎ ደጁን ከከለከለኝ ቆይቶ ነበር። ሰፈሩ ገንደ ቆሬ ሄደን ስናየው ታሞ ብቻውን ተኝቷል። አንተን ሲያይ፣ «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንተ ተረፍክ?» አለህ።

«እኔንም ገርሞኛል፣ አባ» ብለህ ውሃ አጠጣኸው።

እስኪሞት ያጠብከውም ያገላበጥከውም አንተ ነህ። ይቅር ብያችኋለሁ አላለንም። ብቻ በመጨረሻው ቀን ትራሱን ስታስተካክልለት እጅህን ያዘና አልለቅ አለ። መቃብሩን ቆፈርክለት። እኔ ስሰግድበት ጫማህን አውልቀህ ከኋላዬ ቆምክ። ያን ቀን ምን ያህል እንደወደድኩህ አልነገርኩህም።

ከዚያ በኋላ ባጃጅ ይዘን ቢዮ አዋሌ ሄድን፣ ዋሂልም ሄድን። በየቤቱ አንኳኩተን ተመለስን። በመንገድ ላይ፣ በምድር ላይ እኔና አንቺ ብቻ ሳንቀር አንቀርም አልከኝ። አንተ ሐዲዱን ተከትለን ወደ ጅቡቲ እንውረድ ትል ነበር፤ እኔ የአባቴን መቃብር ትቼ የትም አልሄድም አልኩህ። አንተም ነገሩን ተውከው።

የተጣላነው በልጅ ነው። እንውለድ አልከኝ።

«ከማን ጋር ይጫወታል?» አልኩህ።

«ከኛ ጋር።»

«እኛ ስንሞትስ?»

ፊትህ ጠቆረ። እኔም ልብሴን ጠቅልዬ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ አባቴ ቤት ገባሁ። በዓለም ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው፣ የደረቀ ወንዝ መሃል አድርገው ተቀመጡ። ሰው ቢኖር ይስቅብን ነበር። አንድ ቀን በዚያ ሙቀት ፓፓያ ታቅፈህ ስትመጣ በመስኮት አየሁህ። በሩ ላይ ቆመህ ጉሮሮህን ጠረግክ።

«የሚያስታርቀን ሽማግሌ ፈልጌ አጣሁ» አልክ። «ስለዚህ እኔው ራሴ ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ። ነገሩን መርምሬዋለሁ፤ ጥፋተኛው ባልሽ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። የልጅ ነገር ዳግም አልተነሳም።

ከዚያ ጣሪያ ልትጠግን ወጥተህ የዛገ ቆርቆሮ እግርህን ቆረጠህ። ጭረት ናት ብለህ ናቅካት። መንጋጋህ መያያዝ ሲጀምር በየፋርማሲው ሮጬ መድኃኒት በዘንቢል ሰበሰብኩ፤ የትኛው እንደሚያድን ግን የሚነግረኝ አልነበረም። ያን ሁሉ የልብስ ዓይነት መስፋት የማውቅ ሴት፣ ባሌን የሚያድን አንድ ኪኒን መለየት አቃተኝ።

ቃል ከአፍህ በግድ እየወጣ፣ «ብቻሽን ላስቀርሽ ነው» አልከኝ። «ወደ ባሕሩ ውረጂ።»

ዝም በል፣ ትድናለህ አልኩህ። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አንተ ግን አልጠበቅከኝም።

ከአባቴ ጎን ቀበርኩህ። የክርስቲያን መቃብሩ የት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው። ካንተ አፍ ስሰማት የኖርኩትን «አባታችን ሆይ»ን እስከማውቃት ድረስ አልኩልህ፤ የቀረውን አንተ ሙላው። አባቴ ካጉረመረመብህም ታገሠው፣ እንደለመድከው።

ልጁን እምቢ ያልኩበት ምክንያት ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። ደግሞ ጠዋት ስነቃ ያንተ ዓይን ያለው ሰው አጠገቤ በኖረ እላለሁ። አንዱ ሌላውን አላሸነፈልኝም።

ነገ ጎህ ሲቀድ አህያዋ ላይ ውሃ ጭኜ ሐዲዱን ይዤ እወርዳለሁ። እዚህ የያዘኝ መቃብር ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኖ ሳለ ነው የምሄደው፣ አንተ ሂጂ ብለኸኛልና። ሰው አገኛለሁ ብዬ አይደለም። ካገኘሁ ግን፣ ከየት መጣሽ ሳይለኝ በፊት፣ ዕዝራ የሚባል ባል ነበረኝ እለዋለሁ። ማንም ከሌለም ባሕሩ ዳር ቆሜ ያንኑ እላለሁ።

በሰላም እረፍልኝ።

ሚስትህ ፋርቱን፣
ድሬዳዋ