ሸበጥ የሚወረውረው ሥዕል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታው ይቆይ፤ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሠራኸው የስልክ ጌም ውስጥ፣ ከዋናው ጠላት በፊት በሩን የሚጠብቀው ትንሹ ጠላት፣ ያ ኮሪደሩ መጨረሻ የተሰቀለው ሥዕል ማነው? «ተራ ጋኔን ነው» እንዳትለኝ። ሒሳብ ቢያቅተኝም ዓይን አላጣሁም።

ስትልክልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺ ጌሙ ውስጥ ያለችው ልጅ ጉድጓድ ስትዘል እኔም አልጋዬ ላይ አብሬያት እዘል ነበር። ኮሪደሩ ጋ ስንደርስ ግን ሥዕሉ ዓይኑን ገለጠ። እጁን ከፍሬሙ አወጣ። «እህህም» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ሸበጥ ወረወረ። ልጅቷ ሞተች፤ እኔም ግማሽ ሞትኩ። የሌላ ሰው ጋኔን እሳት ይተፋል። ሸበጥ የሚወረውር ጋኔን እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ እሱም ጋራዥ አለው።

ጢሙንም አየሁት። ግራው ከቀኙ ያጥራል፤ የብየዳ እሳት የላሰው ያው ጢም። «እህህም»ታው ደግሞ የራሱ የአባዬ ነው። ባለፈው ደውለህ «ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ተዪልኝ፣ የቤቱን ድምፅ ልስማ» ስትለኝ ናፍቆት መስሎኝ እንባዬ መጥቶ ነበር። ለካ ሳል እየሰረቅክ ኖሯል። ሰው እንዴት የአባቱን ሳል ይሰርቃል?

ክፋት ይሁን ፍቅር ስላልገባኝ ጌሙን ደበቅሁት። ጋራዡን ትተህ ሥዕል እማራለሁ ብለህ ከወጣህ ወዲህ፣ ስምህ ሲነሳ አባዬ ራዲዮ ይከፍታል። ጋኔን አድርገህ እንደሳልከው ቢያይማ፣ በሩን በቁልፍ ሳይሆን በብየዳ ነው የሚዘጋብህ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ግን ድምፁን መቀነስ ረሳሁና ስልኩ «እህህም» አለ።

«ማነው እንደኔ የሚያስለው?» አለ አባዬ።

«ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤት እጅሽ ላይ መኖር ጀመረ? አምጪው።»

ሰጠሁት። አየው። ጢሙን ነካ፤ የሥዕሉን አይደለም፣ የራሱን። እኔ ወደ በሩ ጠጋ ጠጋ አልኩ።

«እንዴት ነው የሚገደለው?»

«እንጃ። ጭንቅላቱን ብረግጠውም አይሞትም።»

«ጭንቅላቴን ትረግጫለሽ?»

 ያ የአባዬ ወፍራም አውራ ጣት ልጅቷን ወደ ታች የሚያደርጋት ምልክት ላይ ተጋደመ። ልጅቷ ጎንበስ አለች፤ ሸበጡ በላይዋ አለፈ። ጣቱን አላነሳም፣ እሷም ቀና አላለችም። ሥዕሉ ሁለተኛውን ሸበጥ አነሳ፤ አያት፤ መልሶ አስቀመጠው።

ያው የቤታችን ሕግ ነው። የሮጠም የተከራከረም ይመታል፤ ጎንበስ ላለ ሁለተኛ ሸበጥ የለም። አንተ ግን ከቤት የሄድክ ቀን ቀጥ እንዳልክ ወጣህ፤ የተወረወሩብህ ሁለቱም ሸበጦች በሩ ላይ አረፉ።

ከዚያ ሥዕሉ እንደ በር ተከፈተ። ከጀርባው የኛ ሳሎን። ያ እግሩ የሚነቃነቀው ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፤ አንዱ ላይ ጢማሙ፣ አንዱ ላይ እኔን የመሰለች ጦጣ፣ አንዱ ባዶ። ሙዚቃ የለ፤ ባለፈው በስልክ የቀዳኸው የሳህንና የሳቃችን ድምፅ ብቻ። ሳሉን ብቻ አልነበረም የሰረቅከው።

ተቆጥቶ ነው ወይስ ሆዱ ባብቶ እያልኩ የአባዬን ፊት እሰልላለሁ። በመጨረሻ ስልኩን መለሰልኝ።

«ይሄ ልጅ በር መሥራት ያውቃል እንዴ?» አለ። «ታዲያ በኛ በር መግባት ምን ከበደው?»

እኔ «ይምጣ» ማለት ነው ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ትርጉሜንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ብቻ ራዲዮኑን አልከፈተም። ስለዚህ ና። በሩ ላይ ጎንበስ በል፣ ወገብህ አይሰበርም። እሱ በአውራ ጣቱም ቢሆን ጎንበስ ብሎልሃል።

ለማንኛውም ሁለቱንም ሸበጦች ደብቄያቸዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ በባዶ እግሩ እየዞረ ይፈልጋቸዋል። ቶሎ ድረስ፣ ሰውዬውን ብርድ እንዳይመታው።

መቼም የማትነቀልልህ፣
መዥገርህ