ሳይጠሩት ስለሚገባው፣ ሲወጣም ሁሉን ስለሚዘጋው ላይብረሪዎ

ለክቡር የ«አብሳሪ» መልእክት መላኪያ ላይብረሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ ደህና ይሠራል? እኔ እዚህ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱንም ትንኙንም ችዬ፣ ከእርስዎ ላይብረሪ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይገባው፣ ላይብረሪ የምለው መጻሕፍት የተደረደሩበትን ቤት ሳይሆን፣ አንድ ባለሙያ ጽፎት ሌሎቻችን ድካም እንዲቀንስልን በየፕሮግራማችን ውስጥ የምናስገባውን የተዘጋጀ ሥራ ነው። የእርስዎ ላይብረሪ በስልክ አጭር መልእክት ይልካል። እኔም ለቀወት ወረዳ የመስኖ ገበሬዎች ፕሮግራም ስሠራ አምኜው አስገባሁት። ፕሮግራሙ ሁለት ክፍል አለው፤ እኔ የጻፍኩት ለገበሬው የውሃ ተራው መድረሱን ይነግራል፣ ማጀቴ ከተማ ያለችው ባልደረባዬ መቅደስ የጻፈችው ደግሞ የሽንኩርት ዋጋ ይነግራል፤ ሁለቱም የሚልኩት በአብሳሪ ነው። ቀድሞ የቦዩን ተራ የሚያስጠብቁት የውሃ አባታችን ጋሼ ዘውዴ ከቦዩ አፍ ላይ ቆመው ነበር ባለተራውን የሚጣሩት። ከእንግዲህ ጉሮሮዎን ያሳርፉ ብዬ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

1. ስለ ትጋቱ አመሰግናለሁ። ላይብረሪዎ ተነሣ እስኪባል አይጠብቅም። ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት፣ በየትኛው ሲም ካርድ እንደሚልክ ሳልነግረው፣ በራሱ ጊዜ ብድግ ብሎ መልእክቱ የሚወጣበትን መሣሪያ፣ ሞደሙን፣ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ኋላ ነገሩን ሁሉ አሰናድቼ ተነሣ ስለው፣ ተነሥቻለሁ እኮ ብሎ ያሰናዳሁትን ሳያይ ይኮራብኛል። እንግዳ እንኳ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ መቼ እንደሚነሣ ለባለቤቱ ቢተውለት ምን ይጎድልበት ነበር? የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ይኸኛው ግን አፍስሶ የሚያስለቅመው እኔን ነው።

2. ስለ ይሉኝታውም አመሰግናለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ እዚህ መብራት እንደሚጠፋ መቼም ሳይሰሙ አልቀሩም፣ «ተይዟል» የሚል ምልክት ትቶ ይሞታል። መብራቱ ሲመጣ ራሱ የተወውን ምልክት አይቶ፣ ሌላ ሰው ይዞታልና ይቅርታ ብሎ ዳር ይቆማል። ራሱን በራሱ ወረፋ ይጠብቃል ማለት ነው። እኔ ሄጄ ምልክቱን በእጄ ካላጠፋሁለት እስከ ምጽአት ንቅንቅ አይልም።

3. ተቀምጬ መጻፍ አቅቶኝ፣ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ የምጽፈው ይኸኛውን ነው። መመሪያዎ ሥራውን የጨረሰ ሁሉ «ዝጋ» እንዲል ያዛል። የመቅደስ ክፍል ጨዋ ነውና ዋጋውን ልኮ ሲጨርስ ዝጋ አለ። አብሳሪም ዘጋ፤ የእሷን ብቻ ሳይሆን የእኔንም፣ በወረፋ ላይ ከነበሩት የውሃ ተራ መልእክቶች ጋር አንድ ላይ ጠረቀመው። ማን ቀረ ብሎ መጠየቅ የለ! ብሶ ተርፎ፣ የእኔ ክፍል በተዘጋው በር መልእክት ሲሰጠው አልቻልኩም በማለት ፈንታ «ተልኳል» ይላል። ኧረ በሕግ አምላክ! እዚህ አገር ማሳው የረካለት ገበሬ የራሱን መግቢያ ይደፍናል እንጂ፣ ከበታቹ የሚያጠጣ ሰው እያለ የዋናውን ቦይ አፍ ደፍኖ አይሄድም። ዋናውን የሚዘጋው መጨረሻ ያጠጣው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ «ተልኳል» የተባለው መልእክት የእትዬ አሰገደች ነበር። አልደረሳቸውም። በልማዳችን ባለቤቱ ያልመጣበት ተራ ከበታች ላለው ማሳ ያልፋልና፣ ውሃው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሙሀባ ወረደ። ሙሀባ የዋህ ናት፤ እትዬ አሰገደች አዝነውላት ተራቸውን የለቀቁላት መስሏት፣ አላህ ይስጥልኝ ልትል ቤታቸው ድረስ ሄደች። እሳቸው ደግሞ ውሃዬን ወስዳ ልትሳለቅብኝ መጣች ብለው ከደጅ መለሷት። ስንት ዘመን ችግኝ የተበዳደሩ ሰዎች ይኸው ዛሬ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንገታቸውን ያዞራሉ። ሽንኩርታቸው ራስ በሚይዝበት ሰዓት ውሃ አጥቶ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። የፊታችን ሐሙስ ተራቸው ካመለጣቸው የዘንድሮ ልፋታቸው አበቃለት። እኔም ያስታረቅኳቸው መስሎኝ በሄድኩ ቁጥር ነገሩ ይብሳል፣ ላይብረሪ ነው ያጣላችሁ ብላቸው ማን ይሰማኛል?

4. ቀድሞ ላቀረብኩት አቤቱታ ቢሮዎ ስለሰጠኝ መልስ ያለኝ አድናቆት ወደር የለውም። በፕሮግራሙ ማብቂያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ዝጉ፣ ደግሞም ሌሎች ደንበኞች ይህን አላነሡም ብላችሁኛል። ሌሎቹ ያላነሡት መልእክታችሁ «ተልኳል» ስለተባሉ ይሆን? ከእኔና ከመቅደስ ማን መጨረሻ እንደሚወጣ እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ፤ ሁለታችንንም ያስገባ አብሳሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። የእሷን «ዝጋ» አውጥቼ ብሞክር ደግሞ ሞደሙን አልለቅም ብሎ ተጣብቆ ቀረ። የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው፤ ሲጠሩት ይነሣ፣ ስንት ሰዎች እንዳስነሡት ይቁጠር፣ የመጨረሻው ሲሰናበት ብቻ ይዝጋ፣ ካልቻለም አልቻልኩም ይበል።

እስከዚያው የቀወት አብሳሪ እኔ ሆኛለሁ። በየማለዳው ባጃጅ ተሳፍሬ፣ ባጃጁ ከማይገባበት ደግሞ በእግሬ፣ ተራዎ ደርሷል እያልኩ እዞራለሁ። ጋሼ ዘውዴ ሲያዩኝ ጉሮሮሽን ያድንልሽ ብለው መርቀውኛል።

ለእርስዎም ምርቃት አለኝ፦ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ የራሱን ሥራ ጨርሶ ሲወጣ በእርስዎ ላይ ቆልፎ ከሚሄድ ሠራተኛ አምላክ ይሰውርዎ።

ትዕግሥቷ ከቦዩ ውሃ ቀድሞ ያለቀባት አክባሪዎ፣
ሰላማዊት አሰፋ
ሸዋ ሮቢት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ባለተራ የሆኑት ገበሬዎች ውሃው መድረሱን ማንን እንጠይቅ ስላሉኝ የግል ስልክዎን ሰጥቻቸዋለሁ፤ እትዬ አሰገደች ጎህ ሲቀድ ይደውሉልዎታል። አደራዎን፣ እሳቸው ጨርሰው ሲሰናበቱ ስልኩን እንዳያጠፉት፤ ከኋላቸው ሙሀባ አለች።