ሦስተኛው ማራገቢያ ሲሞቅ

ሰኞ

የማታው ሰርቪስ አልወጣም። ዓለም ገና ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጎማ እየነደደ ነው አሉ። ስለ ማስተር ፕላኑ የተነሳው ተቃውሞ እኛም ጋ ደረሰ። የሰበታ ልጆች በእግራቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከሩቅ የምንመጣው አሥራ አንድ ሰዎች ፋብሪካው ግቢ እንድንቆይ ተነገረን።

ጠዋት ከቡራዩ ስወጣ ልጄን ሜላትን አተኩሷት ነበር። አራት ዓመቷ ነው። ቀሚሴን ይዛ አልለቅም አለች፤ ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። አሥር ሰዓት ላይ ለባለቤቴ ደወልኩ። ቢንያም መምህር ነው፣ ትምህርት ስለተቋረጠ ቤት ውሏል። “ሽሮፑን ሰጥቻታለሁ፣ ግን…” ሲል መስመሩ ጠፋ።

ግን ምን?

ማክሰኞ

ኔትወርክ የለም። ስንቴ እንደሞከርኩ እንጃ።

የፈትል ክፍሉ ባለው ሰው እየሠራ ነው። ክረምት ላይ በየሞተሩና በየማራገቢያው የገጠምኳቸው ሴንሰሮችም እንደዚያው። እያንዳንዳቸው የሻይ ብርጭቆ ያክላሉ። ሙቀትና ንዝረት ለክተው፣ ያለ ሽቦ፣ በየአሥር ደቂቃው እኔ ክፍል ወዳለው ኮምፒውተር ይልካሉ። ግቢ ውስጥ ብቻ ስለሚሠሩ የስልክ መቋረጥ አይነካቸውም። ዛሬ ቀናሁባቸው። የሃያ አራት ሞተር ትኩሳት ከፊቴ ተደርድሯል፤ የአንዲቷን ልጄን አላውቅም።

የናፈቀኝ፦ የሜላት አንገት ሽታ። ቢንያም ደብተር ሲያርም የሚያንጎራጉረው። የራሴ ትራስ። ንጹሕ ካልሲ።

ረቡዕ

ሦስተኛው ማራገቢያ እየሞቀ ነው። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሁልጊዜ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ አካባቢ ነበር። ጠዋት ስልሳ ስድስት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሰባ አምስት። ንዝረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ኩሽኔታ ሲበላ ንዝረቱም አብሮ መነሳት ነበረበት። አልገባኝም።

ኦቦ ገመቹን ጠራኋቸው። ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ ለማሽኖቹ ግሪስ የሚጨምሩት እሳቸው ናቸው፤ ሰርቪስ ላይም ከፊቴ ነው የሚቀመጡት። ካቻቢቴውን ማራገቢያው ላይ ደግነው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። “ድምፁ ነጋ ነው፣ ሰላም ነው” አሉ። ግን አልሄዱም።

“ምነው ኦቦ?”

“ትናንት ግሪስ ጨምሬበታለሁ። ዛሬ ጠዋትም ጨመርኩ።”

“ለምን ሁለቴ?”

መሬት መሬት አዩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጃቸው ሰኞ ቡራዩ ላይ ከሰልፉ አልተመለሰም። ስልክ ሳይቋረጥ ነው የሰሙት። “ወጥቼ እንዳልፈልገው መንገድ የለም። እጄን ምን ላድርገው?” አሉ።

ግሪስ ሲበዛ ኩሽኔታው መተንፈሻ አጥቶ ይሞቃል። ከታች ያለችውን ቡሎን ፈታናት፤ ትርፉ እየተጎተተ ወጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልሳ አንድ ደረሰ። በሦስት ቀን ውስጥ ደስ ያለኝ ይኼ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ሥራ አስኪያጁ የትናንቱን ግራፍ አይተው አስጠሩኝ። “ሰው ነክቶታል?” አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተራ ጥያቄ ነው። “በዚህ ሰሞን ማን ምን እንደነካ ማወቅ አለብኝ። ለሚመለከተው ክፍል አሳውቃለሁ።”

የኦቦ ገመቹን ስም ብጠራ፣ የልጃቸው ነገር ሲጨመርበት፣ የት እንደሚያደርሳቸው ታየኝ።

“እኔ ነኝ፣ ግሪስ ሁለቴ እንዲጨመር ያዘዝኩት” አልኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። ይስጡኝ።

ኦቦ ገመቹ ሰምተዋል። አላመሰገኑኝም፤ መጥተው አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። “እዚህ የአባቴ ሽምብራ ነበር” አሉ፣ በእጃቸው ግቢውን እያሳዩ። መሬቱ ሲወሰድ ነው ቡራዩ ዘመድ ጋ የገቡት።

“ማራገቢያው ያለበት ቦታ?”

“አይ፣ እዚያ ጋ በሬ ነበር የምናስረው።” ፈገግ አሉ። “ልጄ ሽምብራውን አላየውም። አወራለታለሁ እንጂ አላየውም።”

ዓርብ

መንገድ ተከፈተ። እስከ ዓለም ገና ከኦቦ ገመቹ ጋር በእግር ሄድን። አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽቦ ተበትኗል። ከዚያ በታክሲ አየር ጤና፣ አስኮ፣ ቡራዩ። ፍተሻ ላይ የእኔን መታወቂያ ወዲያው መለሱልኝ፤ የእሳቸውን አገላብጠው አገላብጠው። የቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ጋ ስንደርስ ልጃቸውን ሊያፈላልጉ ወረዱ። አብሬ ልግባ ብል፣ “ልጅሽ ጋ ሂጂ፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ እንዲህ ነው።

የሜላት ትኩሳት ለካ ማክሰኞ ጠፍቷል። ቢንያምን ያን ቀን ምን ሊለኝ እንደነበር ጠየቅኩት። “ግን አልበላም አለች፣ ልልሽ ነበር።” አራት ቀን በዚህች ቃል ነው የተቃጠልኩት። ሜላት ከአባቷ እግር ጀርባ ተሸሽጋ አየችኝ። አኩርፋለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እስክትመጣ ጠበቅኳት። ቆየች፣ ግን መጣች።

ቅዳሜ

ስልኩ ገና ስላልተመለሰ ኦቦ ገመቹ ቤቱን ጠይቀው መጡ። ግቡ ብንላቸው በር ላይ ይሻለኛል አሉ።

“ስሙ አለ። መዝገብ ላይ አለ። እሱን ግን አላሳዩኝም።”

ጨጨብሳ ይዘው ሄደው ነበር። በረኛው ተቀብሎ ገባ፤ ቆይቶ ሳህኑን ባዶውን መለሰላቸው።

“በልቷል ማለት ነው” አልኩ።

“በልቷል” አሉ።

ሌላ ሰው በልቶት ቢሆንስ የሚለውን እኔ አስቤዋለሁ፤ እሳቸውም ሳያስቡት አልቀሩም። የነገውን እኔ ልሥራለት አልኳቸው። ሳህኑን እንደያዙ ትንሽ ቆሙና፣

“በርበሬ አታብዢበት፣ ጨጓራ አለበት” አሉ።