የካርዶቹ ጀርባ

ይድረስ ለአባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ ይንቋቋል ያሉኝ የቀኙ ነው የግራው? መድኃኒቱን በየጠዋቱ ይወስዳሉ ወይስ እንደ ልማድዎ «ዛሬስ ደህና ነኝ» እያሉ ይዘሉታል? እንቅልፍዎስ? እዚያ ወንድሜ ጋ ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ወንድሜ ያን ወፍራም ካፖርት ገዛልዎ ወይስ አሁንም ነገ ነገ እያለ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው፤ የእርስዎ ናፍቆት ነው ያስቸገረን። ይህን ሁሉ ባለፈው እሁድ በስልክ ጠይቄዎት ነበር። ዛሬ በወረቀት የመጣሁት በስልክ ልነግርዎ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። ድምፅዎን ስሰማ ውሸት ይቀናኛል።

ከደህናው ልጀምር። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበትን የቤተ መጻሕፍቱን የሪፈረንስ ክፍል ዛሬ ቢያዩት አያውቁትም። ያ እንደ ግንብ የከበደ ጠረጴዛዎ ወደ መስኮቱ ዳር ተጠግቷል፤ ለአራት ሆነን ነው ያነሳነው፣ አንዱ እስከ ዛሬ ወገቤን ይላል። በቦታው ስድስት ኮምፒውተር ገብቷል። ድሮ ስሙን ብቻ እንሰማ የነበረውን መጽሔት ሁሉ አሁን እዚያው ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። የሰው ጥያቄም በስልክ መልእክት ይመጣልናል፣ መልሱን ፈልገን እንልካለን። በቀደም አንዲት ነርስ ከሥራ ቦታዋ ሳትነሳ ስለ አንድ መድኃኒት ጠየቀችን፣ ሻይዬ ሳይበርድ መልሷን አገኘች። በእርስዎ ጊዜ ቢሆን ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጥታ ሰልፍ ይጠብቃት ነበር። ይህን የምነግርዎ ሥራዬን ሁሉ ያበላሸሁ እንዳይመስልዎ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ ደክሜያለሁ፣ እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ካርዶቹ ልምጣ። እጄ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ከመጀመሪያው መስመር ልጽፈው ነበር።

መጽሐፍ የምንፈልግባቸው የካታሎግ ካርዶች እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ኮምፒውተር ውስጥ ይግቡ ተባለ። ሰማንያ አራት መሳቢያ ነው፣ እርስዎ ያውቁታል። ስካነሩን የምታሠራው ባለሙያ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ቅጽ ይዛ መጣችና «ፊቱን ብቻ ነው ወይስ ጀርባውንም?» አለችኝ። ጀርባው ከተጨመረ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ፊቱን ብቻ ብዬ ፈረምኩ። ለአፍታ እንኳ አላሰብኩበትም። መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው የሚመልሱት፣ እርስዎ «ዝግታ» የሚል ስም ያወጡላቸው ሰውዬ፣ አንድ ካርድ ገልብጠው ይዘው መጡና «ልጄ፣ እዚህ ጀርባው ላይ እኮ ጽሑፍ አለ» አሉኝ። እኔ አፌ ይቀድመኝ የለ፤ «እሱማ የአባባ ነው፣ ከራሳቸው ጋር የሚያወሩበት» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ስስቅ ጊዜ ሳቁ።

አላወቅኩም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ የጠረጴዛዎ ጫፍ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። የመጣው ሰው የፈለገውን አግኝቶ ሲሄድ፣ እርስዎ መሳቢያውን ስበው ካርዱን ያወጣሉ፣ ይገለብጣሉ፣ በዚያች ባለቀች እርሳስ አንድ ነገር ጫር አድርገው ይመልሱታል። ስንትና ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንድም ቀን ግን ምን ጻፉ ብዬ አላነበብኩም። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው። ሥራው ሲያልቅ የወረቀት ፋብሪካ መኪና መጥቶ፣ ተፈጭተው ዳግም ወረቀት እንዲሆኑ፣ ካርዶቹን ጫነ። በሩን ይዤ ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ መጣ። አንድ ሰፈር ውሃ ተቋርጦበት የድሮው ቧንቧ በየት እንደሚያልፍ ጠፍቷቸዋል። ጡረታ የወጣ አለቃው «ካርታው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ፣ የሪፈረንሱ ሰውዬ ያውቁታል» ብሎ ልኮት ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ አሁን ሰውዬ አያስፈልግም፣ ማሽኑ ያውቃል አልኩት። ውሃ ብዬ ጻፍኩ፣ ቧንቧ ብዬ ጻፍኩ፣ ካርታ ብዬ ጻፍኩ። ምንም። ለሦስት ሆነን አራት ቀን ፈለግን። በአምስተኛው ቀን ዝግታ ቀስ ብለው መጥተው፣ ካርታው ማንም በማይጠረጥረው መጽሐፍ ውስጥ ተጣጥፎ እንደነበር፣ እርስዎም ባገኙት ጊዜ የመጽሐፉ ካርድ ጀርባ ላይ ሲጽፉ እንዳዩ ነገሩኝ። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ግን አያስታውሱም። መሐንዲሱ አመስግኖኝ ሄደ። መንገዱን አምስት ቦታ ቆፈሩት ሲሉ ሰማሁ።

የዚያን ቀን ዝግታ ከሚያነቡት መጽሐፍ መሃል አንድ ካርድ መዘው ሰጡኝ። እስከየት እንዳነበቡ ምልክት ሊያደርጉበት አስቀርተውት ኖሯል። ፊቱ ላይ የአንድ ሆስፒታል የዓመት ሪፖርት ይላል። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በእርስዎ እጅ፣ «የቀብር ቦታ የሚጠይቅ ሲመጣ ገጽ 212 ይታይ፣ የስም ዝርዝር አለ። የጠየቀችው ልጅ አባቷን ትፈልግ ነበር። አገኘንላት» ይላል። መደርደሪያው መሃል መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰማንያ አራቱም መሳቢያ እንዲህ ያለ ነገር ነበር ማለት ነው። የቀረችኝ ይህች አንዷ ናት፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አልልካትም፣ በመንገድ እንዳትጠፋ ፈርቼ ነው።

እሁድ «ካርዶቼስ እንዴት ናቸው?» ሲሉኝ «ደህና ናቸው አባባ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ገብተዋል» አልኩዎ። ማክሰኞ ወንድሜ ደወለ። ትኬት አስቆርጠው፣ አሥራ ሁለት ደብተር ገዝተው፣ የካርዶቹን ጀርባ ጽሑፍ ሊገለብጡባቸው ሊመጡ እንደሆነ ነገረኝ። ሐኪሙ ስለ መርሳትዎ ያለውንም ነገረኝ። «እኔ ብረሳም ካርዶቹ አይረሱም» አሉ አለኝ። ካርዶቹ መሄዳቸውን ለእሱም አልነገርኩትም፣ ከእኔ በፊት ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ።

አባባ፣ በምን ፊቴ ይቅርታ እንደምለምንዎ አላውቅም፤ ግን እለምናለሁ። ይቆጡኝ። ብቻ እንደ ድሮው ዝም ብለው መነጽርዎን እየጠረጉ አይቅጡኝ፣ እሱን አልችለውም። አሁን የመለስነው ጥያቄ ሁሉ መልሱ የት እንደተገኘ እንድንመዘግብ አዝዣለሁ፤ ባልደረቦቼ ምን ነካት ይላሉ። ለእርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ምንም እንደማይተካ አውቃለሁ።

ትኬቱን ግን እባክዎ አይመልሱት። ይምጡ። ጠረጴዛው መስኮቱ ዳር ነው፣ ብርሃን አለው። ኮምፒውተሩ ላይ በእያንዳንዱ መጽሐፍ መዝገብ ሥር ማስታወሻ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ እንዲጨመር አስደርጌያለሁ። በመደርደሪያዎቹ መሃል አብረን እንሄዳለን፤ አንዱን መጽሐፍ ሲነኩ ትዝ ያለዎትን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አሥር ቢሆንም አሥር ነው፣ ሁለትም ቢሆን እጽፋለሁ።

ወንድሜን ሰላም ይበሉልኝ፣ ካፖርቱን ሳይገዛ ሰላምታዬ አይደርሰውም ይበሉት። ባለቤቱን በጣም ይሳሙልኝ፣ መድኃኒትዎን እንድትቆጣጠር አደራ ብያታለሁ። ትልቋን ልጃቸውን ለፈተናዋ በርቺ ይበሉልኝ። ጥርስ የሚያበቅለውን ትንሹን ጉንጩን ይሳሙልኝ። በዳማ የሚያሸንፉዎትን ጎረቤትም ሰላም ይበሉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። እዚህ መጥተው አንዱ ሰው ጠይቆዎት መልሱ ከጠፋብዎ፣ ረሳሁ አይበሉ። ልጄ ጣለችው ይበሉ።

ልጅዎ

ከቤተ መጻሕፍቱ፣ ሪፈረንስ ክፍል
ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14