የእርጎው ጀሪካን

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ፀረ አረም መድኃኒት በሚረጩ ገበሬዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ላጠና መካነ ሰላም ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሁሉም ደጅ ላይ መልሰው ይሸኙኛል። ዛሬ ግን እማማ ዘሀራ፣ ደጅ የሚጫወቱትን የልጅ ልጆቻቸውን ገለል አድርገው፣ ቤት አስገቡኝ። እርጎ ሊቀዱልኝ ያነሱት ጀሪካን የዚያው መድኃኒት ነው፤ የራስ ቅሉ ምልክት ገና አልለቀቀም።

«በአመድ አሽቼ ነው ያጠብኩት» አሉ፣ ሳፈጥበት አይተው።

ያስገባኝን አንድ ቤት ማስቀየም ፈራሁ። ረቡዕ ነውና «ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ነገ ና ልጄ፤ አስቀምጥልሃለሁ።»

የሚጠብቀኝ ሰው አገኘሁ ብዬ መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ መጣሁ። ቤቴ ገብቼ ቅጹን ስሞላ «በቤቱ ሕፃናት አሉ?» የሚለው ላይ እጄ ቆመ።

እኔ በጾም አመለጥኩ። የልጅ ልጆቻቸው ግን ጾም የላቸውም።