በስማቸው የሚጠራውን ድልድይ ያልተሻገሩት አቶ ጀንበሬ ካሣ

አቶ ጀንበሬ ካሣ ከአባታቸው ከአቶ ካሣ ዘውዱና ከእናታቸው ከወ/ሮ አበዛሽ አምሀ በ1940 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው በሐዲድ ጥገና ሥራ እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። አቶ ጀንበሬ ፊደል ከቄስ፣ ፈረንሳይኛ ከትምህርት ቤት፣ ሱማልኛና አፋርኛ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ተማሩ። በአራቱም ቋንቋ መቆጣት ያውቁበት ነበር።

ግንበኝነትን ከአጎታቸው ለምደው በወጣትነታቸው በመንገድ ሥራ ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. ወ/ሮ በለጡን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ልደቱንና መነንን ወለዱ፤ ኑሯቸውንም ከከተማው ወጣ ወዳለው ሰፈር ወደ ፔካ 12 አዛወሩ። በትጋታቸው የመንገድ ጥገና ቡድን አለቃ ሆኑ። እዚህ አገር አለቃ "ሼፍ" ስለሚባል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ አዳዲስ ሾፌሮች ምግብ አብሳይ መስለዋቸው "ሼፍ፣ ዛሬ ምን አለ?" ይሏቸው ነበር። እሳቸውም "ድንጋይ ጥብስ" ብለው ይመልሱ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ከቤታቸው አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ደረቁን ወንዝ በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ለጎርፍ ማሳለፊያ ሁለት የሲሚንቶ ቱቦዎች የቀበረው የእሳቸው ቡድን ነው። የቱቦዎቹን አፍ ማጽዳትም የእሳቸው ኃላፊነት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንዳልጽፍ የመከሩኝ ሽማግሌዎች አሉ። የሞተ ሰው ጥፋት በድንኳን አይነበብም አሉኝ። ነገር ግን ጋሼ ጀንበሬ ራሳቸው አልጋ ላይ ሆነው እኔን የእህታቸውን ልጅ እስከዳርን "ይህን ከዘለልሽው ሌላውንም አታንብቢው" ብለውኛል። እኔ ደግሞ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን አጥፌ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።

በ1998 ዓ.ም. የቅዳሜ ሹር ዕለት፣ ከመንገዱ በላይ ይኖሩ የነበሩትና ለሾፌሮች ሻይ የሚሸጡት ጎረቤታችን ወ/ሮ ኻሊዳ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። በዚያው የቱቦዎቹ አፍ በአሮጌ ጎማና በቁጥቋጦ መደፈኑን ለጋሼ ነገሯቸው። ጋሼ የፋሲካውን በግ እያሰሩ ነበር። "ከበዓል በኋላ እናየዋለን" አሏቸው። ሁላችንም እዚያው ነበርን፤ ሁላችንም ሰማን፤ አካፋ ያነሣ ግን አልነበረም።

በፋሲካ ማግስት ከተራራው የወረደው ጎርፍ መውጫ ሲያጣ ወደ ቤቶቹ ዞረ። ወ/ሮ ኻሊዳ ልጃቸውን ኡሙልኸይርን ካወጡ በኋላ የታሰሩትን ፍየሎች ሊፈቱ ተመለሱ። በዚያው ቀሩ። ውሃው በመጨረሻ መንገዱን ቆርሶ ቱቦዎቹን ይዞ ሄደ።

መሐንዲሶች መርምረው፣ ቱቦዎቹ ቢጸዱም ያን ያህል ውሃ ማሳለፍ እንደማይችሉ ተናገሩ። የከሰሳቸውም የለም። ጋሼ ግን "ቱቦውም ጠብቦ ነበር፣ እኔም ዘግይቻለሁ" ከማለት አልተመለሱም። በቱቦዎቹ ምትክ ትንሽ ድልድይ ሲሠራ ፌሮ ከማሰር እስከ ኮንክሪት ሙሌት ድረስ አብረው ውለዋል። በ2000 ዓ.ም. ድልድዩ ሲከፈት ሰው ሁሉ በእልልታ በላዩ ሲሻገር፣ እሳቸው በሥሩ አለፉ። ከዚያ ወዲህም በላዩ ሄደው አያውቁም። ሚኒባስ ውስጥ ከሆኑ ወርደው፣ አሸዋውን አቋርጠው፣ ያገኙትን ፌስታልና ጭራሮ ለቅመው ማዶ ይሳፈሩ ነበር። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ያጉረመርሙ ነበር፤ በኋላ ሳይጠየቁ ይቆሙላቸው ጀመር። በቤታችንም "ከበዓል በኋላ" የሚለው ቃል ቀረ። የምታንጠባጥብ ቧንቧ እንኳ ብትሆን በገና ዕለት ያስጠግኑን ነበር።

ሰዉ ግን ያን ድልድይ "የጀንበሬ ድልድይ" አለው። ስሙ በተነሣ ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር። እኛ ትሕትና መስሎን፣ ደስ የሚላቸው መስሎን፣ እንግዳ ሲመጣ ሆን ብለን እናነሣባቸው ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

በ2009 ዓ.ም. መግቢያ የኩላሊት ሕመማቸው ሲጠናባቸው ኡሙልኸይርን አስጠሩ። የእናቷን ሻይ ቤት አሁን የያዘችው እሷ ናት። ድልድዩ በእናትሽ ስም ይጠራ፣ የእኔ ስም እዚያ ላይ አይገባውም ብለው ለመኗት። እሷም ከሾፌሮች በለመደችው አማርኛ እንዲህ አለቻቸው፦ "አባባ፣ ያንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በእማማ ስም ብጠራው እግሬ እንዴት ብሎ ይረግጠዋል? በእርስዎ ስም ስለሆነ እኮ ነው በየቀኑ የምሻገረው።"

ጋሼም "እንግዲያው ስሞት በላዩ ውሰዱኝ" አሉ።

አቶ ጀንበሬ ካሣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸው ወ/ሮ በለጡ፣ ልጆቻቸው ልደቱና መነን፣ የልጅ ልጆቻቸው ይዲድያና ሲፈን በሐዘን ላይ ናቸው። ኡሙልኸይርንም ከቤተሰቡ ጋር ጽፈናታል፤ ፈቅዳልን ነው።

ይህ እንደተነበበ አስከሬናቸው ከዚህ ድንኳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይነሣል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ መኪናው እንደ ልማዱ አይቆምም። ኡሙልኸይር ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ታሻግራቸዋለች።

እኛ የምናዘገየውን የማያዘገይ አምላክ የወ/ሮ ኻሊዳን ነፍስ ያስብ፤ የእሳቸውንም ነፍስ ሸክሟን አውርዶ ይቀበላት። አሜን።